እርማት፦ ኢስቲኻራ የሰገደ ሰው የግድ ህልም ማየት የለበትም

አሰላሙ ዐለይኩም። አስተያየቶች ላይ እየተደጋገመ ያለ ነገር አለ፦ ኢስቲኻራ (በአንድ ጉዳይ ላይ አላህ መልካሙን እንዲመርጥልን የምንለምንበት ሶላት) የሰገደ ሰው መልሱን በህልም ያያል፣ ካላየ ዱዓው (ልመናው) ተቀባይነት አላገኘም የሚል። በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ትክክል አይደለም።

የኢስቲኻራን ሐዲስ (ከነቢዩ የተላለፈውን ትምህርት) ያስተላለፉት የነቢዩ ባልደረባ ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ናቸው። ሶሒሕ አል-ቡኻሪ በተባለው የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ከፈርድ (ከግዴታው ሶላት) ውጭ ሁለት ረከዓ መስገድና ከዚያ ዱዓውን ማድረግ ነው። ስለ ህልም አንድም ቃል የለም። ሰግዶ መተኛትም አልተጠቀሰም። የዱዓው ሐሳብ ራሱ ይህ ነው፦ ጉዳዩ ለዲኔ፣ ለኑሮዬና ለነገሬ መጨረሻ መልካም ከሆነ ወስንልኝ፣ አግራልኝ፤ መጥፎ ከሆነ ከእኔ አርቀው፣ እኔንም ከእሱ አርቀኝ፤ መልካሙን ባለበት ወስንልኝ፣ በእሱም አስደስተኝ። የሚለመነው ነገሩ እንዲገራ ወይም እንዲርቅ ነው፤ ምልክት እንዲታይ አይደለም።

ስለዚህ አጣሩ፣ ተመካከሩ፣ ስገዱ፣ ከዚያ ወደ ነገሩ ግቡ።

ዝም ማለት ያልፈለግኩት ጉዳት ስላለው ነው። ብዙ ወጣት ወደ ዲኑ ጠጋ የሚለው እንዲህ ሲጨንቀው ነው፤ የኒካሕ (የጋብቻ) ጥያቄ ሲመጣ፣ ዐረብ አገር ልሂድ ወይስ ልቅር ሲል። ያኔ «ህልም ካላየህ አላህ አልተቀበለህም» ሲባል ቅስሙ ይሰበራል። በአንድ ሌሊት ቅዠት ደህና ትዳር የሚመልስም አለ።

ማረጋገጥ የፈለገ ቡኻሪ ላይ የዱዓዎችን ምዕራፍ ይክፈት። ወይም የሰፈሩን መስጂድ ኡስታዝ «ህልም የሚለው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።