እዚችው ናት

የእህቴ ልጅ ሲድኒ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሳምንት ሎርድ ሃው የምትባል ደሴት ለዕረፍት ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝና ለጎብኚ የተዘጋጀውን የመረጃ ወረቀት በቴሌግራም ላከችልኝ። «አጎቴ፣ በሐምሌ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጅማ እንመጣለን። እንደዚህ ያለች አንድ ገጽ ጻፍልኝ» አለች። አንድ ገጽ ምን አላት ብዬ እሺ አልኩ።

ወረቀቱን ቡና ላይ ለጎረቤት እየተረጎምኩ አነበብኩ። ደሴቲቱ ከሲድኒ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ናት። በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ ጎብኚ አትቀበልም። መኪና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። ማታ የመንገድ መብራት ስለማይገኝ ባትሪ ይያዝ። የውጭ አፈር እንዳይገባ ጫማ ይጸዳ። የሞባይል ኔትወርክ የለም። እዚህ ላይ ሳቅ ሆነ፤ እኛ ቀኑን ሙሉ የምንራገምበትን እነሱ ከፍለው ይሄዱለታል። ሻንጣ ከ14 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ቡናውን የሚቀዱት እትዬ ጀበናውን አስቀመጡ።

«የዘመድ ዕቃስ በምን ሊሄድ ነው?»

እዚያ ዘመድ የላትም አልኳቸው።

«እንግዲያስ ምን ልታደርግ ትሄዳለች?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ደብተር ይዤ መረጃ ልሰበስብ ወጣሁ። አንዱን ባለባጃጅ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ምን ያህል ይርቃል አልኩት። «እዚችው ናት፣ ጋሼ!» ስንት ኪሎ ሜትር? «ኧረ ምን ኪሎ ሜትር አላት፣ ጅሬን ላይ ናት እኮ።» እሺ፣ ስንት ትወስደኛለህ? «ውይ፣ ጅሬንማ ሩቅ ነው፣ ዳገት ነው፣ ነዳጁ…» እዚችው የነበረችው ቤተ መንግሥት ዓይኔ እያየ ሸሸች። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ያን ሁሉ ዘመን ዳገቱን የወጣ ባለጉዳይም «እዚችው ናት» ተብሎ ሳይሆን አይቀርም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሎርድ ሃው በክረምታቸው ሲድኒን በግማሽ ሰዓት ትቀድማለች። በጋ ሲገባ ሲድኒ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ስታዞር ደሴቲቱ ግማሽ ብቻ ታዞርና እኩል ይሆናሉ። ለሠላሳ ደቂቃ ብሎ ሰዓት የሚነካካ ሕዝብ! እኔ ሁለት ሰዓት ላይ የቀጠርኩት ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ስደውል «ደርሻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ይለኛል፤ ከድምፁ ኋላ የቧንቧ ውኃ ይሰማል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የባሕር ዳሩ ነው። ኔድስ ቢች በሚባለው ዳርቻ የመዋኛ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ተቀምጧል፣ ጠባቂ የለውም። ወስደህ፣ ሂሳብህን ሳጥን ውስጥ ጨምረህ፣ ስትጨርስ ትመልሳለህ። ትመልሳለህ! አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ ነበር። የምወደው ተረት ነው፤ ችግሩ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ከተመነጠርኩ በኋላ መሆኑ ነው።

አንድ ጃንጥላ ነበረኝ። ጥቁር፣ እጀታው እንጨት፣ አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ራሴ ያሰርኩት። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ከሰዓት በኋላ ጣራ የሚደበድብ ነው። አንድ ወዳጄ «ቤት እስክደርስ» ብሎ ወሰደው። ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሰውዬው ቤት አልደረሰም። አንድ ቀን ሂርማታ ገበያ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ ደጅ ተለጥፌ ስቆም ከወዲያ ማዶ ስሜን ጠራ። «ና ጠጋ በል እንጂ፣ ምን ያበሰብስሃል!» ገባሁ። ቀና ስል ሽቦዬ! ያሰርኳት ቋጠሮ ሳትፈታ እንዳለች ናት። እስከ አዌቱ ድልድይ ድረስ በራሴ ጃንጥላ ሸኘኝ። ግማሽ ትከሻዬን ዝናብ እየመታው ነበር፣ ወደ ራሱ ያጋድላልና። ስንለያይ ምን አልኩት? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

መርሳቱን ይቅር ብዬዋለሁ። ማመስገኔን ግን ለራሴ እስካሁን ይቅር አላልኩም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ነው፤ ተዋሹ ሳያፍር ባለቤቱ የሚያፍርበት አገር ሳጥን ቢያስቀምጡ ሳጥኑም ይሄዳል። ብጠይቀው ኖሮ «ለጃንጥላ ብለህ ነው?» የሚለኝ እሱ፣ የምሳቀቀው እኔ።

ትናንት ማታ ልጅቷ ደወለች። «ገጹስ?» አለች። ደብተሬን ገለጥኩ። ቤተ መንግሥቱ 7 ኪሎ ሜትር፣ ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ ይላል። ከተማ ውስጥ ሙዚየም አለ ይላል። ባለሦስት እግር በርጩማ መግዛት ይቻላል፣ ግን 14 ኪሎውን አስቡበት ይላል። ከዚያ በታች አንድ ገጽ ተኩል ስለ ጃንጥላ ነው፣ እሱን አላነበብኩላትም።

«ሁለት ጃንጥላ ይዛችሁ ኑ» አልኳት። «አንዱ የኔ ነው፤ ቤት እስክትገቡ ከሻንጣ እንዳታወጡት።»