ማስተካከያ፦ ኳድራቲክን ፋክተር ስለማድረግ
ኳድራቲክን (ትልቁ ኃይሉ ሀ² የሆነን አገላለጽ) ፋክተር ስለማድረግ፣ ማለትም የሁለት ቅንፎች ብዜት አድርጎ ስለመጻፍ፣ ባለፈው ማብራሪያዬ «ብዜታቸው የመጨረሻውን ቁጥር፣ ድምራቸው የመካከለኛውን ኮኢፊሸንት (ከሀ ፊት ያለውን ቁጥር) የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ» ብዬ ነበር። ይህ የሚሠራው የሀ² ኮኢፊሸንት 1 ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህን ሳልናገር በማለፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

6ሀ² + 11ሀ + 3ን እንይ። ብዜታቸው 3፣ ድምራቸው 11 የሆኑ ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮች) የሉም። በእኔ መመሪያ የሄደ ተማሪ «ይሄ ፋክተር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል፤ በጣም ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያ 6ን በ3 ማባዛት ነው፤ 18 ይሆናል። ብዜታቸው 18፣ ድምራቸው 11 የሚሆኑት 9 እና 2 ናቸው። በ11ሀ ምትክ 9ሀ + 2ሀ ስንጽፍ፦

6ሀ² + 9ሀ + 2ሀ + 3
= 3ሀ(2ሀ + 3) + 1(2ሀ + 3)
= (3ሀ + 1)(2ሀ + 3)

በሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን 1 አደራ እንዳትረሷት። 2ሀን አስቀድማችሁ ብትጽፉም መልሱ ያው ነው።