ግልጽ ደብዳቤ ለካሜራዬ ቪውፋይንደር

ለክቡር ቪውፋይንደር፣ ፎቶ ስናነሳ ዓይናችንን አስጠግተን ለምናይብዎ መስኮት
ካሜራው አናት ላይ

ጉዳዩ፦ መነጽር ያደረገ ዓይን ስለሚደርስበት መጉላላት

ክቡርነትዎ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ደጅዎ በመጣ ቁጥር አራቱንም ማዕዘን አይቶ የሚመለስበት ቀን መቼ እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዓይን ከእርስዎ ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት የሚችልበት ልክ በብዙ ካሜራዎች 20 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከዚህ ላይ ከግማሽ የሚበልጠውን መነጽሬ ከዓይኔ የሚቆምበት ርቀት አስቀድሞ ይወስደዋል፤ የጎማው ክፈፍ ሲጨመርበት ደግሞ ከታች የተደረደሩት የፍጥነትና የብርሃን ቁጥሮች ለእኔ ቢጤ የተከለከለ ምስጢር ይሆናሉ። ጠጋ ብዬ ላንብባቸው ስል መስታወቴን ይጭሩብኛል።

«አውልቀህ ና» እንደሚሉኝ አላጣሁትም፤ ለዚሁም ከጎንዎ ያቺን ቅንጣት የምታህል የዳይኦፕተር (የመነጽር ቁጥር) ማስተካከያ አስቀምጠዋል። ችሮታዋ ግን በብዙ ሞዴሎች ከ−3 እስከ +1 ብቻ ነው፤ አስቲግማቲዝምንም (ዓይን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለማጥራቱን) ጨርሶ አታውቀውም። (እሱን የሚያርም መስታወት ቢገጠምልዎ እንኳ፣ ካሜራውን ለቁም ፎቶ ባዞርኩት ቁጥር መስታወቱ አብሮ ሲዞር ዓይኔ ባለበት ይቀራል።) ደግሞስ ያለ መነጽር በእርስዎ በኩል አጥርቼ ካየሁ በኋላ ቀና ስል፣ ላነሳው የነበረውን ሰው ከዛፉ የምለየው በምን ዓይኔ ነው?

ይህች ማስተካከያ ከቦርሳ ስትወጣ ዞራ መገኘትም ልማዷ ነው። ሁሉ ነገር ሲደበዝዝብኝ ሌንሱን እጠራጠራለሁ፤ ፎቶው ግን አውቶፎከሱ (ሌንሱን በራሱ የሚያጠራው ሥርዓት) እርስዎን ሳያማክር ስለሚሠራ ጥርት ብሎ ይወጣል። መመሪያው «በቪውፋይንደሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ጥርት እስኪሉ ድረስ አዙር» ይላል፤ መነጽሬን እንዳደረግሁ ላስተካክላት ብል፣ ከላይ ያመለከትኳቸውን፣ የማይታዩኝን ቁጥሮች መሆኑ ነው።

አይቻልም እንዳይሉኝ፣ የኒኮን ኤፍ3 ኤችፒ ካሜራ በ1982 እ.ኤ.አ. ዓይንን እስከ 25 ሚሊሜትር ድረስ በክብር ያስተናግድ ነበር፤ ካልተሳበች በቀር የማትዞር ማስተካከያ ያላቸው ካሜራዎችም አሉ። ስለዚህ እርስዎም ጥቂት ሚሊሜትር እንዲጨምሩልኝና ለማስተካከያዋ መቆለፊያ እንዲያደርጉላት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ባለመነጽር

ግልባጭ፦
ለመነጽሬ፣ ለመረጃ ያህል
ለአፍንጫዬ፣ ስክሪኑን እየነካ የፎከስ ነጥቡን ማዛወሩን እንዲያቆም