ማስተካከያ፦ «ቀላል የቤት ሥራ» ስላልኩት

ባለፈው ጽሑፌ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ዓረብ አገር ሄደው ያለ ወረቀት ስለሚሠሩ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን አንስቼ ነበር። «የቤት ሥራ ቀላል ስለሆነ ፅንሱን አይጎዳም፤ ችግሩ ክሊኒክ መሄድ አለመቻላቸው ነው» ብያለሁ። ተሳስቻለሁ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር ከስደት የተመለሰች እናት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ የራሰ ምንጣፍ ተሸክመህ ሦስት ፎቅ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሥራው ራሱ ይጎዳል። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ረጅም ሰዓት መቆምና የሌሊት ሥራ ከፅንስ መጨንገፍና ያለ ጊዜ ከመውለድ ጋር ይያያዛሉ። ኃይለኛ ሙቀትም እንዲሁ። በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ደግሞ ይብሳል። ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ይዘው መዋላቸውም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። በእርግዝና ጊዜ ይህ ሕመም ቶሎ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል።

ወረቀት የሌላት ሴት «አሞኛል፣ ልረፍ» ለማለት ትፈራለች። ከሥራ መባረርና ፖሊስ ይታያታል። ስለዚህ ሥራውንና ወረቀቱን ለያይቼ ማየቴ ራሱ ስህተት ነበር።

ሌላም አለ። ተመላሾች ለእርግዝና ክትትል መክፈል አለባቸው ብዬ ጽፌ ነበር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ይመክራል። ግን ስድስተኛ ወሯ ላይ የተመለሰች እህት «አልፎብኛል» ብላ እንዳትቀር፤ በዚያው ሳምንት ትሂድ።