«አብሽር፣ ይበራል!» ለምትሉኝ ሁሉ

ኧረ በአላህ፣ ዛሬስ ልናገር ነው። ደሴ ላይ ሞዴል አውሮፕላን መሥራት የከበደኝ ዕቃ ጠፍቶ አይደለም። ፎሙ ፍሪጅ ከታሸገበት ካርቶን ይወጣል። ሞተሩና ባትሪው እንደምንም ከአዲስ አበባ በሰው ይመጣል። ያቃጠለኝ ሚዛን የሚባል ነገር ትዝ የማይለው ሰው ነው።

ሙጫው ሳይደርቅ «ሆጤ ሜዳ እንውረድ» ይላሉ። ቆይ እስቲ፣ የስበት ማዕከሉን፣ ማለትም ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል የሚመዛዘንበትን ነጥብ እንየው ስትል «አብሽር፣ ይበራል!» በምን ሒሳብ? ሰኞ ገበያ እህል ይዞ የሚመጣ ገበሬ እንኳ ጭነቱን ሳያስተካክል አህያውን አይነዳም።

የሚጠየቀው እኮ ትንሽ ነው። ክንፉ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ከፊት ጠርዙ ጀምረህ፣ እስከ ኋላ ጠርዙ ካለው ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶው ላይ ምልክት ታደርጋለህ። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክንፍ ከ5 እስከ 6.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ምልክቱ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ በሁለት ጣት ከሥር ታነሣዋለህ። አፍንጫው ትንሽ ቢያዘነብል ችግር የለውም። ጅራቱ ከወረደ ግን አትወርውረው። አለቀ! ደግሞ ባትሪውን ሳያስገቡ የሚለኩ አሉ። ዋናውን ክብደት ጠረጴዛ ላይ ትተህ ምኑን ነው የለካኸው?

የጅራቱ ነገርማ አይወራ። አንዱ ባንዲራ ይለጥፋል፣ ሌላው ቀለም ይደራርባል፣ ሌላው «እንዲጠነክር» ብሎ ስኮች ይጠመጥማል። ጅራቱ ከማዕከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ አፍንጫው 20 ብቻ ከቀደመ፣ ጅራት ላይ የጨመርካት 10 ግራም ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫ ላይ 30 ግራም የእርሳስ ብረት ታስጨምርሃለች። 40 ግራም ለጌጥ! ያውም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት አገር። ክብደት በጨመረ ቁጥር ላለመውደቅ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ የሚገፋው አየር አንሶታል። ባትሪውን ወደ ፊት ብትገፋው ኖሮ እርሳስም ባላስፈለገ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የባትሪው ቦታ አስቀድሞ ተቆርጦ ተጣብቋል።

ከወደቀ በኋላ ያለው ወሬ ደግሞ የባሰ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ አየር ላይ ቆም ብሎ፣ በአንድ ክንፉ ተገልብጦ ይከሰከሳል። ጅራቱ እንደከበደው ከዚህ በላይ በምን ይናገር? እነሱ ግን «የጦሳ ተራራ ንፋስ ነው»፣ «ዓይን ነው የጣለው»፣ «ሞተሩ ደካማ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ትልቅ ሞተር ይገዛል። እኔን የሚያበግነኝ እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ሞተር ከበድ ስለሚል አፍንጫውን ያወርደዋል። ሚዛኑ ማንም ሳያስበው ይስተካከላል፣ አውሮፕላኑም ይበራል። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! «አላልንህም? ችግሩ ሞተሩ ነበር!»