ለኪስ ሐኪሞቻችን የቀረበ ምስጋና

ሰው ገና «ወገቤን» ብሎ ሳይጨርስ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው፣ ከተጨማደደ እሽግ አንዲት ፍሬ ፈልቅቀው «ዋጣት፣ ትለቅሃለች» የሚሉ ደጋጎች ባይኖሩ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ሐኪም እንኳ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ «ጨጓራ አለብህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ማስታገሻ አያዝም፤ እነሱ ግን በእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው አያሰለቹም።

የጨጓራ ቁስለት ተገኝቶብኝ በየማለዳው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል በምወስድበት ወቅት ጥርሴን ቢያመኝ፣ አንድ ባልደረባዬ ዳይክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ ዘረጋልኝ። ጨጓራ እንዳለብኝ ስነግረውም «እህል ቅመስና ዋጣት» ሲል መላውን ወዲያው አገኘው። ምክሩ ግሩም ነበር፤ ችግሩ እነዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን የሚጎዱት ሲነኩት ብቻ አለመሆኑ ነው። ደም ውስጥ ገብተው ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳሉ (እንግሊዛዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ቬን ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል)፤ ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጋርደው ዝልግልግ ሽፋን የሚመነጨውም፣ ቁስሉን የሚያሽረው ደም እንደልብ የሚደርሰውም በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ በመርፌ ቢወሰድም ያው ነው። ኦሜፕራዞሉ ማለዳ የጠገነውን ዳይክሎፌናኩ ማታ ይንደዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት የሚፈጀው ፈውስም መቋጫ ያጣል። ጨጓራን እምብዛም የማያውከውን ፓራሲታሞል ለምን እንደማይሰጡ ብጠይቅ «እሷማ ምን ትረባለች!» ተብያለሁ።

እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ቸርነታቸው ይብሳል። ዋርፋሪን በራሱ ቁስለት ባይፈጥርም የደማው ቁስል በቀላሉ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ በላዩ አይቡፕሮፌን የሚመርቁለት እነሱ ናቸው። ሌሎቹ በተቃራኒው፣ ለልቡ የታዘዘለትን አስፕሪን «ጨጓራህን ይጨርሰዋል» ብለው ያስጥሉታል፤ ሐኪሙ ሳያውቅ የተቋረጠው አስፕሪን ልቡን ምን እንደሚያደርገው ማሰብ የእነሱ ፋንታ አይደለም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የማስታገሻውን ምስጢር ጠባቂነት ነው። የቁስሉንም ሕመም አብሮ ስለሚደብቀው፣ አንዳንዱ ሰው መድማቱን የሚያውቀው ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ነው። እኔም የጠቆረውን አይቼ ለባልደረባዬ ባዋየው «የበላኸው ነገር ይሆናል» አለኝ፤ ፊቴ መገርጣቱን ሲያስተውል ደግሞ ራሴን ያመመኝ መስሎት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።