በቅሎ ጫኙ ቢታመምስ?

ከአምቢቆ መንደር ወደ ራስ ደጀን ተራራ የተነሣነው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና በግንባር የሚታሰር ባትሪ አለኝ። ለደከመ ሰው የያዝናትን በቅሎ የሚነዱት አባት ጋቢ ተከናንበው ኮንጎ ጫማ በባዶ እግራቸው አጥልቀዋል። ጎሕ ሲቀድ ጅባራው ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ከ4,000 ሜትር ካለፍን በኋላ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ ቀጥሎ አስመለሰኝ። ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ተራራው የትም አይሄድም፤ አንተ ውረድ» አሉኝ። በቅሎዋ ላይ አውጥተው፣ ልጓሟን ይዘው ቁልቁል መለሱኝ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ስጠጣ ሕመሙ ጠፍቶ ነበር። ማታ እሳት ዳር «እርስዎ ቢታመሙስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «እኛንማ ማን ይጭነናል?»

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ስለ ሰሜን ተራሮች በተወራ ቁጥር ይህቺ ሳቅ ትመጣብኛለች። ዛሬ ወሬው ሁሉ ስለ አዳዲስ ነገር ነው፤ የተራራ ሩጫ ይዘጋጅ፣ ብስክሌት ይግባ፣ በገመድ መንሸራተቻ ይዘርጋ፣ ከእሜት ጎጎ ገደል በፓራሹት ይበረር። ክፋት የለውም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ፤ እዚያ ላይ ሰው ሲጎዳ ማን ያወርደዋል? ተጎጂው እንግዳው ሳይሆን ሠራተኛው ሲሆንስ?

መጀመሪያ ስለ ራሳችን፣ ማለት ስለ አዲስ አበባ ተጓዦች፣ ልናገር። እሑድ እሑድ የረር ወይም ወንጪ ደርሰን በመመለሳችን ተራራ የለመድን ይመስለናል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚል ኩራትም አለ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ ደማቸው እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሳይወፍር ኦክስጅንን በበቂ መጠን እንደሚይዝ አሳይቷል። ይህ ግን የእነሱ ደም ነው። እኛ የምንኖረው ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ነው። ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው፤ እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባልህ ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከምታገኘው ስድስት አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ መንገዱ ነው። ጎንደር ቁርሱን የበላ ሰው እራቱን 3,250 ሜትር ላይ ሳንቃበር ካምፕ መብላት ይችላል፤ መኪናው ካንተ ደም ይፈጥናል። የተራራ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ይላሉ። የቸኮለ ሰው ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ያኔ ዋናው መድኃኒት ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። ጨነቅ ካምፕ ላይ ብትታመም መኪና አለ። (ጨነቅ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው እንጃ፣ እኔን ግን ገብቶኛል።) ከአምቢቆ ወዲያ ከሆንክ ግን ወደ ጨነቅ ለመመለስ መጀመሪያ መሸሃ ወንዝ ወርደህ፣ እንደገና የቧሂትን በር ሽቅብ መውጣት አለብህ። ለመዳን መውረድ የሚያስፈልገው ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ መልሶ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ የሌላው ዓለም ታሪክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 አንድ የሩሲያ ሐኪም በአልፕስ ሞን ብላን ተራራ ላይ መጥፎ አየር ካሳለፉ በኋላ ጉዞው እንዲቀጥል አደረገ፤ የበረዶ ናዳ ወረደና ሦስት መንገድ መሪዎች ሞቱ። ከተራራው ሥር ያለችው የፈረንሳይ ከተማ የሻሞኒ ሰዎች በዓመቱ የመሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ለተጎጂ መሪና ለሟች ቤተሰብ የሚሆን የመረዳጃ ሣጥንም አብሮ ተከፈተ። ሣጥኑ የተከፈተው ቱሪዝሙ ከበለጸገ በኋላ አልነበረም፤ ገና ከጅምሩ ነው። ነፍስ አድኑ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሌላ ሐዘን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1956 መጨረሻ ሁለት ወጣቶች እዚያው ተራራ ላይ መውረጃ አጥተው ከተማው ሁሉ በመነጽር እያያቸው ቀሩ፤ ሊያነሣቸው የሄደው ሄሊኮፕተርም ወደቀ። የዛሬው የፈረንሳይ ጀንዳርም (ወታደራዊ ፖሊስ) የተራራ ነፍስ አድን ቡድን የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

ኔፓልም የተማረችው በደም ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ኤቨረስት ላይ ናዳ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን ገደለ። መንግሥት ለቀብር በየቤተሰቡ 40,000 ሩፒ ሰጠ። ሸርፓዎቹ ሥራ አንሠራም ብለው በኔፓል በኩል ያለውን ወቅት ዘጉት፤ የኢንሹራንሱ ልክም ከፍ አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ የበረዶ ናዳ የለም፣ አውቃለሁ። ገደል ግን አለ፤ ብርድ፣ ጎርፍና የሚራገጥ በቅሎም አለ።

በነገራችን ላይ፣ ራስ ደጀንን እ.ኤ.አ. በ1841 ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች «ለመጀመሪያ ጊዜ» ወጡት ተብሎ ይጻፋል። በጎቹን ይዞ ጫፉ ድረስ ሲወጣ የኖረው እረኛ አልተቆጠረም። አሁንም ቆጠራው ብዙም አልተቀየረም። የጎብኚ ብዛት ይመዘገባል፣ የመግቢያ ክፍያም ይመዘገባል። በቅሎ ሲጭን ጎኑን የተመታ ሰው የት ይመዘገባል?

«በጦርነትና በጸጥታ ችግር ጎብኚው በጠፋበት ጊዜ ይህ ቅንጦት ነው» የሚለኝ ይኖራል። እኔ በተቃራኒው አስባለሁ። እንግዳ ሲበዛ ማንም ለሥልጠና ጊዜ የለውም፤ ደባርቅ ላይ ጋይዱም ወጥ ቤቱም ተቀምጦ ወቅት በሚጠብቅበት ጊዜ ነው የሚሠለጥነው። ከተማው ዩኒቨርሲቲ አለው። ጨነቅና አምቢቆ ላይ ቃሬዛ፣ ኦክስጅንና ሬዲዮ ለማስቀመጥ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ተጓዥ ክፍያ ላይ ለጋይዱ፣ ለስካውቱ (መሣሪያ ይዞ ለሚያጅበው ጠባቂ)፣ ለወጥ ቤቱና ለበቅሎ ጫኙ የአደጋ መድን የሚሆን ገንዘብ መቀነስም እንደዚያው። ሄሊኮፕተር ይምጣ አልልም፤ በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ መጥቶ ነበር፣ እስኪደርስ ግን እሳቱን የታገለው የአካባቢው ገበሬ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ልንከራከር እንችላለን። መድኑን የሠራተኞቹ ማኅበር ይያዘው ወይስ ፓርኩ? በቅሎ ጫኞች ዋና ሥራቸው እርሻ ነው፣ በተራ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ መድኑ በሰው ስም ሳይሆን በጉዞ ቢገዛ ይሻላል እላለሁ። ስህተት ከሆንኩ የሚያውቅ ያርመኝ።

አሁን በቴሌግራም የሚመጡልኝን የጉዞ ማስታወቂያዎች በሌላ ዓይን ነው የማነባቸው። ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ ፎቶ አንሺ «ዋጋው ያካትታል»። ስለ ኢንሹራንስ ስጠይቅ አንዱ አዘጋጅ «ለእርስዎ ነው?» አለኝ። ለበቅሎ ጫኙ ነው ስለው መልስ አልሰጠኝም። እኔም የምፎክርበት የለኝም፤ እኚያን አባት ስንለያይ የሰጠኋቸው ጉርሻ ያን ቀን ከእግሬ ላይ የነበረውን ካልሲ አይገዛም ነበር።